የኳንተም መናበብን ለማጥናት የቱ ሞዴል፣ የቱ መለኪያ? ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ የምርጫ መመሪያ

የኳንተም ጥናት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ውድ ላብራቶሪ ነው። ሌዘር፣ ቫኪዩም፣ ወደ ፍጹም ዜሮ የሚጠጋ ማቀዝቀዣ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ ይህን መመኘት ራስን ማድከም ነው። ግን አንድ ላፕቶፕና ትዕግሥት ይዘው የሚገቡባቸው ርዕሶችም አሉ። የኳንተም መናበብ፣ ማለትም ሲንክሮናይዜሽን፣ አንዱ ነው። የምታጠኑት ሥርዓት ሦስት የኃይል ደረጃ ብቻ ሊኖረው ይችላል። ሦስት ደረጃ ደግሞ በእርሳስም ይሠራል።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ ፊዚክስ ብትማሩም፣ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኤሌክትሪካል ብትማሩም፣ ይህን ርዕስ ስታነሱ አራት ምርጫ ይጠብቃችኋል። ጥያቄው፣ ሞዴሉ፣ መለኪያው፣ ስሌቱ። ችግሩ ብዙ ሰው ከኋላ ይጀምራል። መጀመሪያ ሶፍትዌር ይጭናል። ከዚያ ያገኘውን ምሳሌ ኮድ ያስኬዳል። ጥያቄው ትዝ የሚለው አማካሪው “እና ምን ልታሳየን ነው?” ሲሉ ነው። እዚህ በቅደም ተከተሉ እንሂድ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

መናበብ የቱ ነው፣ የቱስ አይደለም?

ክርስቲያን ሁይገንስ የተባለ የኔዘርላንድ ሳይንቲስት በ1665 ታሞ ቤት በዋለበት ሰሞን አንድ ነገር አስተዋለ። ጎን ለጎን የተሰቀሉ ሁለት የፔንዱለም ሰዓቶቹ እኩል ይሄዳሉ። አንዱ ወደ ቀኝ ሲል ሌላው ወደ ግራ ይላል፣ ግን ዝንፍ የለም። ቢያዛባቸውም በግማሽ ሰዓት ገደማ ተመልሰው ይገጥማሉ። ምክንያቱ የተሰቀሉበት የጋራ እንጨት ነበር። የአንዱ ንቅናቄ በእንጨቱ በኩል ሌላውን በጥቂቱ ይነካዋል።

ከዚህ ታሪክ መያዝ ያለበት ሰዓቶቹ የራሳቸው ጉልበት እንዳላቸው ነው። መንዙማ ላይ ያለውን ጭብጨባ አስቡ። እያንዳንዱ ሰው በራሱ እጅና በራሱ ጉልበት ያጨበጭባል። ድቤው ቢቆም እንኳ ብቻውን መቀጠል ይችላል። የጎኑን ሲሰማ ግን ትንሽ ያፈጥናል ወይም ትንሽ ያዘገያል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይገጥማል። አንዱ የሌላውን እጅ ይዞ ቢያስጨበጭበው ግን ያ መናበብ አይባልም። በፊዚክሱም ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ራሱን የቻለ ውዝዋዜ፣ ደካማ ግንኙነት፣ በግንኙነቱ ምክንያት የተስተካከለ ምት። ራሱን የቻለው ውዝዋዜ ሊሚት ሳይክል ይባላል። ኃይል ይገባል፣ ኃይል ይወጣል፣ የውዝዋዜው ስፋት ጸንቶ ይቆያል፣ ፌዙ (በዙሩ ውስጥ አሁን የደረሰበት ቦታ) ግን ነጻ ነው። መናበብ የሚነካው ይህን ነጻ ፌዝ ነው።

ኳንተም ሲገባ ሁለት ነገር ይለወጣል። አንደኛ፣ ፌዙ መቼም ጥርት አይልም። ባዶ የሚባለው ቦታ፣ ቫኪዩም፣ ራሱ ስለሚያውክ ፌዙ ይደበዝዛል። ስለዚህ “ገጠሙ” ወይም “አልገጠሙም” ብሎ መቁረጥ የለም፤ ወደ አንድ ፌዝ የማዘንበል ጉዳይ ነው። ሁለተኛ፣ ኃይል ኳንተም በሚባሉ በሚቆጠሩ ቁራጮች እንጂ እንደ ፈሳሽ አይተላለፍም። ይህ ሁለተኛው ነው ርዕሱን ጣፋጭ የሚያደርገው።

አንደኛው ምርጫ፦ መሪ ወይስ ጓደኛ?

አንድ ኦሲሌተር፣ ማለትም የሚወዛወዝ ነገር፣ ከውጭ የሚመጣ ምልክት ይከተላል? ወይስ ሁለት ኦሲሌተሮች እርስ በርስ ይናበባሉ? የመጀመሪያው ቀላል ነው። ሮበርት አድለር በ1946 ለራዲዮ ሰርኪዩት ያወጣው እኩልታ የዚህ መሠረት ነው። ሁለት መቆጣጠሪያ ብቻ አላችሁ፦ የምልክቱ ጉልበትና በሁለቱ ፍሪኩዌንሲ መካከል ያለው ልዩነት። አንዱን በቁም፣ ሌላውን በአግድም ስትስሉ የአርኖልድ ምላስ የሚባለው ሥዕል ይወጣል። ምልክቱ በጠነከረ ቁጥር የመናበቡ ክልል ይሰፋል። በኳንተም የምላሱ ጠርዝ ይደበዝዛል እንጂ ቅርጹ ይታወቃል።

ሁለተኛው የበለጠ ይማርካል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። አንድ ውጤት ብቻ ልንገራችሁ። በክላሲካል ዓለም ሁለት ኦሲሌተሮች በቀላሉ የሚናበቡት ፍሪኩዌንሲያቸው በተቀራረበ ቁጥር ነው። በ2017 ሎርክና ባልደረቦቹ በጥልቁ ኳንተም ክልል ይህ እንደሚገለበጥ አሳዩ። አንዱ ሊሰጥ የሚችለው የኃይል መጠን ሌላው ሊቀበል ከሚችለው ጋር ካልገጠመ ልውውጥ የለም። ልውውጥ ከሌለ መናበብ የለም። ፍጹም ተመሳሳይ የሆኑት ሁለቱ ይዘጋጋሉ። ትንሽ ስታለያዩአቸው ግን መናበብ ይጀምራሉ። እኔ በዚህ ዘርፍ ካነበብኩት ሁሉ ይሄን የሚያህል አላየሁም።

ቢሆንም ለጀማሪ የምመክረው መሪውን ነው። ጓደኛውን ለሁለተኛው ምዕራፍ አቆዩት።

ሁለተኛው ምርጫ፦ የቱን ሞዴል?

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አራት ዕጩዎች አሉ።

የኳንተም ቫን ደር ፖል። ባልታሳር ቫን ደር ፖል የኔዘርላንድ መሐንዲስ ነበር። በ1920ዎቹ የራዲዮ ቱቦ ሰርኪዩት ሲያጠና ስሙን የያዘውን እኩልታ አወጣ። የኳንተም መልኩን ቶኒ ሊና ሳደግፑር በ2013፣ ዋልተር፣ ኑነንካምፕና ብሩደር ደግሞ በ2014 ለመናበብ ጥናት አቀረቡት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ኦሲሌተሩ ኃይል ሲቀበል አንድ አንድ ኳንተም፣ ሲያጣ ሁለት ሁለት ኳንተም ነው። ኃይል የሚያገኝበትን ፍጥነት ጋማ አንድ፣ የሚያጣበትን ጋማ ሁለት በሉት። ጋማ ሁለት ትንሽ ሲሆን ኦሲሌተሩ ክላሲካል ይመስላል፤ በውስጡ ያለው አማካይ ኳንተም ጋማ አንድን በ(2 × ጋማ ሁለት) ማካፈል ነው። ጋማ ሁለት የጋማ አንድ ሃያኛ ቢሆን 10 ኳንተም ገደማ ይይዛል ማለት ነው። ጋማ ሁለት እጅግ ሲገዝፍ ግን ከታችኞቹ ሁለት ደረጃዎች አይወጣም። ሁለት ሦስተኛውን በባዶው ደረጃ፣ አንድ ሦስተኛውን በአንደኛው ላይ ይገኛል። ይህን ቁጥር አትርሱት። ኮዳችሁ ልክ መሆኑን የምትፈትኑበት ነጻ ፈተና ነው፤ ካልወጣ ወደ ፊት አትሂዱ።

የዚህ ሞዴል ትልቁ ጥቅም አንድ ቁጥር እየቀየራችሁ ከክላሲካል ወደ ኳንተም መሄዳችሁ ነው። ችግሩ ደግሞ ደረጃዎቹ ማለቂያ የላቸውም። የሆነ ቦታ ላይ መቁረጥ አለባችሁ። 10 ኳንተም ለሚይዝ ኦሲሌተር 12 ላይ ብትቆርጡ የሚወጣው ውጤት ቆሻሻ ነው። 30ም 40ም ሞክሩ፤ መልሱ ካልተንቀሳቀሰ ያኔ እመኑት።

ስፒን አንድ። አሌክሳንደር ሩሌና ክሪስቶፍ ብሩደር፣ ሁለቱም ከባዝል ዩኒቨርሲቲ፣ በ2018 ያቀረቡት ነው። ሦስት ደረጃ አለው፦ ላይኛው፣ መካከለኛው፣ ታችኛው። ላይኛው ወደ መካከል ይወርዳል፣ ታችኛው ወደ መካከል ይወጣል። መካከለኛው ላይ ያለው ስፒን ምንም ፌዝ አይመርጥም። በሉል ላይ ብትስሉት ወገቡን ዙሪያ እኩል ይከበዋል። ሊሚት ሳይክሉ ይኸው ነው። ከዚያ ደካማ ምልክት ስትሰጡት ወደ አንዱ ፌዝ ያዘነብላል። መቁረጥ የሚባል ጣጣ የለም። ዴንሲቲ ማትሪክሱ፣ ማለትም የሥርዓቱን ሁኔታ የሚገልጸው የቁጥር ሠንጠረዥ፣ 9 ቁጥሮች ብቻ ነው።

ወጥመድ ግን አለው፣ በደንብ ላብራራው። ሁለቱን ፍጥነቶች፣ የመውረጃውንና የመውጫውን፣ እኩል ብታደርጉ ነጠላው የፌዝ ጫፍ ይጠፋል። ተማሪው ኮዱ የተበላሸ ይመስለውና ሌሊቱን ሙሉ ስህተት ሲፈልግ ያድራል። ስህተት የለም። ምልክቱ በላይኛውና በመካከለኛው መካከል የሚፈጥረው ኮሄረንስ (የፌዝ ትስስር) እና በመካከለኛውና በታችኛው መካከል የሚፈጥረው ተቃራኒ ናቸው፣ አንዱ ፕላስ ሌላው ማይነስ። ፍጥነቶቹ እኩል ሲሆኑ ይጠፋፋሉ። የሚቀረው ከምልክቱ ጉልበት ካሬ ጋር የሚሄድ ትንሽ ባለ ሁለት ጫፍ ቅርጽ ነው። ሁለቱን ፍጥነቶች አራርቁ፣ ነጠላው ጫፍ ይመለሳል። ይህ መጠፋፋት የኳንተም ጣልቃ ገብነት ሥራ ስለሆነ ብቻውን አንድ የመመረቂያ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ሙከራም ተደርጎበታል። በ2020 ላስካርና ባልደረቦቹ በቀዘቀዙ የሩቢዲየም አተሞች አሳዩት። በዚያው ዓመት ኮፐንሆፈር፣ ብሩደርና ሩሌ በአይቢኤም የኳንተም ኮምፒውተር ላይ አስመሰሉት። በ2022 ደግሞ በኤንኤምአር (የኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ)፣ በኒውክሌር ስፒኖች ላይ የተሠራ ወጥቷል። “ይህ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር ነው” የሚል መርማሪ ቢገጥማችሁ መልሳችሁ ይህ ነው።

ኪዩቢት። ሁለት ደረጃ ብቻ። ከስፒን አንድም ያንሳልና ለምን አልጀመርኩበትም ትሉ ይሆናል። ምክንያቱ ክርክር አለበት። ሩሌና ብሩደር ሁለት ደረጃ ያለው ሥርዓት ሊሚት ሳይክል ስለሌለው አይናበብም አሉ። በ2020 ፓራ-ሎፔዝና በርግሊ ተቃወሙ። በሉሉ ዘንግ ላይ ያለው ቅይጥ ሁኔታ ፌዛቸው የተበታተነ የብዙ ንጹህ ሁኔታዎች ስብስብ ሆኖ ሊታይ ይችላል፣ ስለዚህ ሊሚት ሳይክል አለው አሉ። ከዚያ ወዲህ በተያዘ አንድ አዮን ላይ የተሠራ ሙከራም አለ። ትርጉም ላይ መሟገት ለሚወድ ሰው ግሩም ርዕስ ነው። ለመመረቅ ለቸኮለ ግን አይሆንም። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በምታቀርቡበት ቀን ጥያቄው ሁሉ “ይህ መናበብ ነው ወይ?” ሆኖ ያልቃል።

መስመራዊ ኦሲሌተሮች በጋራ አካባቢ። ጆርጂና ባልደረቦቹ በ2012 ያጠኑት ሁለት ተራ ሃርሞኒክ ኦሲሌተሮችን ነው፤ ኃይላቸውን ወደ አንድ የጋራ አካባቢ ያፈሳሉ። ከሁለቱ የጋራ ሞዶች (አብረው ከሚወዛወዙባቸው መንገዶች) አንዱ ቶሎ ይሞታል፣ ሌላው ይዘገያል። በመካከሉ የቀረው ሞድ ብቻ ስለሚታይ ሁለቱ እኩል የሚወዛወዙ ይመስላሉ። ሒሳቡ ንጹህ ነው። ነገር ግን የራሳቸው ጉልበት የላቸውም፤ ጊዜያዊ ነው፤ በመጨረሻ ሁሉም ይሞታል። ከላይ ባስቀመጥነው መስፈርት አያልፍም። ከመረጣችሁት ርዕሳችሁ ላይ “ጊዜያዊ” የሚለውን ቃል አትርሱ።

የእኔ ምርጫ ስፒን አንድ ነው። ቫን ደር ፖል ሁለተኛ።

ሦስተኛው ምርጫ፦ በምን ይለካ?

ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው እዚህ ነው። ሞዴሉ ልክ ሆኖ መለኪያው ይዋሻል።

ለአንድ ኦሲሌተርና ለመሪ ምልክት የሚሻለው የፌዝ ስርጭት ነው። የኳንተም ሁኔታን በሥዕል ከሚያሳዩት ከሁሲሚ ወይም ከዊግነር ፈንክሽን ላይ ፌዙን ብቻ አስቀርታችሁ ሌላውን ትደምራላችሁ። መሥመሩ ጠፍጣፋ ከሆነ መናበብ የለም። ጉብ ካለ አለ። ሥዕሉን ያየ ሁሉ ይገባዋል፤ መርማሪም ጭምር። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ምልክቱን በጣም ካጠነከራችሁ ሊሚት ሳይክሉን ራሱ ታፈርሱታላችሁ። ስለዚህ ምልክቱ ያለበትንና የሌለበትን የደረጃዎቹን ስርጭት ጎን ለጎን አስቀምጡ። በጣም ከተራራቁ ያያችሁት መናበብ ሳይሆን መጎተት ነው።

ለሁለት ኦሲሌተሮች አንድሪያ ማሪና ባልደረቦቹ በ2013 ያቀረቡት መለኪያ ታዋቂ ነው። የሁለቱን የቦታና የሞመንተም ልዩነት መዋዠቅ ደምሮ ይገለብጠዋል። በሃይዘንበርግ ሕግ ምክንያት ከ1 አይበልጥም። ቁንጅናው ይህ ጣሪያ ነው። አሁን ግን ሁለት የሞቱ ኦሲሌተሮችን አስቡ። ምንም አይወዛወዙም፤ ሁለቱም ቫኪዩም ውስጥ፣ ማለትም ዝቅተኛው የኃይል ደረጃ ላይ፣ ተኝተዋል። የቦታው ልዩነት መዋዠቅ ግማሽ፣ የሞመንተሙም ግማሽ። ድምሩ 1፣ ግልባጩም 1። ሙሉ ውጤት! ሁለት ሬሳ “ፍጹም ተናበቡ” ተባለ ማለት ነው። መለኪያው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን መጀመሪያ ውዝዋዜ መኖሩን ማረጋገጥ የእናንተ ሥራ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ይህን ቁጥር ስታቀርቡ የኳንተሙን አማካይ ብዛት አብራችሁ አቅርቡ።

ሌሎቹን ባጭሩ። ሙቹዋል ኢንፎርሜሽን ማንኛውንም ዝምድና ይቆጥራል፤ የፌዝ ይሁን የሌላ አይለይም። ስለዚህ ደጋፊ እንጂ ዋና ማስረጃ አይሆንም። የፒርሰን ኮሬሌሽን በጊዜ ውስጥ ለሚሄዱ አማካይ እሴቶች ነው፤ ለመስመራዊው ሞዴል ይስማማል። ለስፒን አንድ ጸንቶ ለቆመ ሁኔታ ግን ምንም አይነግራችሁም፤ አማካዩ አይንቀሳቀስማ።

አራተኛው ምርጫ፦ እንዴት ይሰላ?

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የሊንድብላድ ማስተር ኢኩዌሽን ነው። ዴንሲቲ ማትሪክሱን ሙሉውን ይዞ ይሄዳል፣ መልሱም ያለ መዋዠቅ ይወጣል። ሁለተኛው የኳንተም ትራጀክተሪ ነው። አንድ ቬክተር ይዞ፣ በዘፈቀደ እያዘለለ፣ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ አማካይ ይወስዳል።

ለነጠላ ስፒን አንድ ጥያቄ የለውም፣ ማስተር ኢኩዌሽን። ለሁለት ስፒኖችም 81 ቁጥር ብቻ ነው። ለነጠላ ቫን ደር ፖል በ30 ደረጃ 900 ቁጥር ነው፣ የቆየ ላፕቶፕም አይከብደውም። ሁለት ቫን ደር ፖሎችን እያንዳንዳቸውን 20 ደረጃ ሰጥታችሁ ስታገናኙ ግን ነገሩ ይቀየራል። ዴንሲቲ ማትሪክሱ 400 በ400፣ 160,000 ቁጥር ይሆናል። እሱ ራሱ ትንሽ ነው። እሱን የሚያንቀሳቅሰው ማትሪክስ ግን 160,000 በ160,000 ነው። ሙሉውን ልጻፈው ብትሉ 410 ጊጋባይት ገደማ ይፈልጋል። ባዶ ቦታውን ዘልሎ በሚያስቀምጥ ዘዴ ይቀንሳል፤ ጸንቶ የቆመውን ሁኔታ በቀጥታ ለመፍታት ሲሞከር ግን 8 ጊጋ ራም ያለውን ማሽን ሊያንቀው ይችላል።

አንዳንዱ ደግሞ ብዙ ኦሲሌተሮችን ከሚያገናኘው ከኩራሞቶ የ1975 ሞዴል ተነስቶ ብዙ ስፒን ላገናኝ ይላል። አሥር ስፒን አንድ 59,049 ደረጃ ነው። ዴንሲቲ ማትሪክሱ ብቻውን 56 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። ይህን ሐሳብ በጊዜ ተዉት።

ትራጀክተሪ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ለሁለቱ ቫን ደር ፖሎች 400 ቁጥር ያለው አንድ ቬክተር ይበቃል። ስህተቱ የሚቀንሰው ግን በካሬ ሥር ነው፤ በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ መሮጥ አለባችሁ። እኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። እያንዳንዱ ሩጫ ራሱን የቻለ ነው። በየሩጫው ውጤቱን ፋይል ላይ ካስቀመጣችሁ መብራት ሲሄድ የምታጡት ያንን አንዱን ብቻ ነው። መብራት ሲመጣ ከዚያው ትቀጥላላችሁ። ጎግል ኮላብ ላይ ለምትሠሩም ይሄው ነው፤ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ከዜሮ አትጀምሩም። የሩጫውን የዘፈቀደ ቁጥር መነሻ ግን በየጊዜው ቀይሩ፣ አለበለዚያ ያንኑ ሩጫ ትደግሙታላችሁ።

ሶፍትዌሩ ላይ ብዙ አልቆይም። ፓይተን የምታውቁ ኩቲፕን (QuTiP) ያዙ። ሁለቱም መንገዶች ተዘጋጅተው ይገኙበታል፣ ዊግነርንም ይስልላችኋል። ጁሊያ የምትወዱ ኳንተምኦፕቲክስ የሚባለው ጥቅል አለላችሁ፣ ፍጥነቱ ደስ ይላል። ነጻ ናቸው። አንዴ ከጫናችሁ ኢንተርኔት አይፈልጉም። ለስፒን አንድ ግን መጀመሪያ በራሳችሁ ኮድ በተራ ኑምፓይ ጻፉት፤ 9 ቁጥር ነው፣ ምን አለበት? ከዚያ ከኩቲፑ ጋር አስተያዩት።

ማን ምን ይያዝ?

ደሴ ፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ከሆናችሁ፦ ስፒን አንድ፣ አንድ መሪ ምልክት፣ የፌዝ ስርጭት። የአርኖልድ ምላሱን ሥዕል ሁለት ጊዜ ሳሉት፣ አንዴ በእኩል ፍጥነቶች፣ አንዴ በተራራቁ። ይበቃል።

ማስተርስ ላይ ከሆናችሁ ሁለት ስፒን ወይም ሁለት ቫን ደር ፖል ውስጥ ግቡ። መለኪያ ሁለት ይሁን እንጂ አንድ አይሁን። ሁለቱ መለኪያዎች የሚለያዩበትን ቦታ ካገኛችሁ አትሸሹት፣ እዚያው ቆፍሩ።

ኮምቦልቻ ኤሌክትሪካል ላይ ያላችሁ ሌላ መንገድ አላችሁ፣ እኔ ብሆን የምመርጠው እሱን ነው። መጀመሪያ ክላሲካሉን በእጃችሁ ሥሩት። በኦፕ-አምፕ ሁለት የዌን ብሪጅ ኦሲሌተር ሥሩ፣ ወደ 1 ኪሎኸርዝ ገደማ፣ ፍሪኩዌንሲያቸው ትንሽ ይለያይ። በፖቴንሽዮሜትር አገናኟቸው። ሬዚስታንሱን እየቀነሳችሁ ስትሄዱ አንድ ቦታ ላይ ሁለቱ ምልክቶች ይያያዛሉ። ኦሲሎስኮፕ ወረፋ ከበዛበት የላፕቶፑ የድምፅ መግቢያም ያሳያችኋል፤ ቮልቴጁን ግን በሬዚስተር ከፋፍላችሁ አሳንሱት፣ አለበለዚያ ላፕቶፑን ትሰናበቱታላችሁ። የለካችሁትን የምላስ ሥዕል ከኳንተም ቫን ደር ፖሉ ሥዕል አጠገብ አድርጉት። አንዱ ጠርዙ ስለታም፣ ሌላው የደበዘዘ ይሆናል። ድብዘዛው ጋማ ሁለት ሲጨምር እንዴት እንደሚያድግ ማሳየት ሙሉ ፕሮጀክት ነው።

ጽሑፎቹን በሚመለከት፣ ከጠቀስኳቸው የኳንተም ሥራዎች አብዛኞቹ አርካይቭ (arXiv) በሚባለው የጽሑፍ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛሉ። ኢንተርኔት ደህና በሆነበት ሰዓት ሁሉንም አውርዳችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። በመጀመሪያ የ2018ቱን የሩሌንና የብሩደርን አንብቡ፣ አጭር ነው። ቀጥሎ የ2013ቱን የማሪን። የኪዩቢቱን ክርክር ለመጨረሻ አቆዩት።